የአሥር ደቂቃ ሥራ ስንት ያወጣል?

አንዳንድ ዕቃ ሲበላሽ የሚያስለቅሰን ዕቃው ራሱ አይደለም። ሳህን ቢሰበር ሌላ ሳህን ይገዛል፤ ራዲዮ ቢበላሽ ጆሮ ያርፋል። ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰው የሚያለቅሰው ለብረቱ ሳይሆን በውስጡ ላስቀመጠው ነው፤ ለሟች አባቱ ፎቶግራፍ፣ ለሠርጉ ቪዲዮ፣ ለሦስት ዓመት የሱቅ ሒሳብ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ለሚያስረክበው የመመረቂያ ጽሑፍ። ብረቱ ገበያ ላይ ሞልቷል። ውስጡ ያለው ግን የትም ገበያ አይገኝም። ጥገና ቤት በር ላይ የሚቆመው ሰው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚቆመው። «የጨነቀው እርጉዝ ያገባል» ይባል የለ? ይህ ሰው ዛሬ የተጠየቀውን ሁሉ ይከፍላል። የእኔም ጥያቄ የሚነሣው እዚሁ ላይ ነው። እንዲህ የጨነቀውን ሰው ስንት ማስከፈል ነው ትክክል?

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ እናስቀምጥ። አንዲት የማስተርስ ተማሪ አለች እንበል። መጠይቋ፣ ቃለ ምልልሷ፣ ጽሑፏ፣ ባጠቃላይ የሁለት ዓመት ልፋቷ ጠረጴዛ ላይ በሚቀመጥ አንድ ትልቅ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ውስጥ ነው። ይህ ዓይነቱ ሃርድ ዲስክ የራሱ አዳፕተር አለው፤ የሚፈልገውም 12 ቮልት ነው። አንድ ቀን ማታ በጥድፊያ የላፕቶፗን ቻርጀር አንሥታ ሰካችበት። የብዙ ላፕቶፖች ቻርጀር 19 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ጫፉ ደግሞ አንዳንዴ ልክክ ብሎ ይገባል። ገባ። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም፣ መብራት የለም፣ ንዝረት የለም። ጭጭ!

በአገራችን ሰው ሲታመም ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ነው። ሃርድ ዲስክም ከዚህ አላመለጠም። አንዱ «ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው» ይላታል። ሌላው «ጎኑን መታ መታ አድርጊው፣ የኔም እንደዚህ ብሎ ነበር» ይላታል። ሦስተኛው ካቻቪቴ ይዞ ሳጥኑን ለመክፈት ተነሥቷል። የመጀመሪያው ምክር ውስጡ ጤዛ እንዲይዝ ያደርጋል፤ የሁለተኛው ዱላ ነው፤ የሦስተኛው ግን ግድያ ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የዚህን ዕቃ ተፈጥሮ ጥቂት ማየት ያስፈልጋል።

ሃርድ ዲስክ ሲገለበጥ ከሆዱ ሥር አንዲት ቀጭን ቦርድ ትታያለች፤ በጥቂት ብሎኖች የታሰረች። ትዝታው ያለው ግን እሷ ላይ አይደለም። ትዝታው የተቀመጠው በታሸገው ሳጥን ውስጥ እንደ መስታወት በሚያበሩ ክብ ዝርግ ሳህኖች ላይ ነው። ሳህኖቹ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። በክንድ ጫፍ ላይ ያለችው አንባቢ ደግሞ ሳህኑን ሳትነካ፣ በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ በሚቆጠር ክፍተት ከላዩ ላይ ትንሳፈፋለች። በዚህ ክፍተት ውስጥ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ቋጥኝ ናት። ሳጥኑ በተራ ክፍል ውስጥ አይከፈትም የሚባለው ለዚህ ነው። የቦርዷ ድርሻ ሞተሩን ማዞር፣ ክንዱን መምራት፣ የተነበበውንም ለኮምፒውተሩ ማቀበል ነው። እሷ ስትሞት ሳህኖቹ አልሞቱም። አፍ ተዘጋ እንጂ ልብ አልቆመም።

በብዙዎቹ ቦርዶች ላይ፣ ኤሌክትሪኩ በሚገባበት በኩል፣ ሁለት ትናንሽ ዘበኞች ቆመዋል፤ አንዱ ለ12 ቮልቱ፣ ሌላው ለ5 ቮልቱ። ዳዮድ ይባላሉ። ከልክ ያለፈ ቮልት ሲመጣ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ በራሳቸው በኩል ያፈሱታል። በጣም ሲበዛባቸው ግን ራሳቸው ተቃጥለው ሾርት ሆነው ይቀራሉ። ዘበኛው በሩ ላይ ወድቆ በሩን በሬሳው ዘጋው እንደ ማለት ነው። ሌባው አልገባም፤ ባለቤቱም መግባት አልቻለም። የተማሪዋ ሃርድ ዲስክ ጭጭ ያለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

እሺ፣ ተማሪዋ ጥገና ቤት ደረሰች። ጥሩ ባለሙያ እንደ ጥሩ ወጌሻ ነው፤ ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። «እህቴ፣ ምን ሆኖ ነው? ምን ሰካሽበት? ድምፅ ነበረው? የተቃጠለ ነገር ሸተተሽ?» ይላል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ነውና መልሷ ግማሽ ምርመራ ነው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቦርዱ ሳይሆን ከውስጥ ከአንባቢዎቹ ነው፤ ያን ጊዜ ትክክለኛው ሕክምና ዳግመኛ መብራት አለመስጠት ነው። ጭራሽ ድምፅ ከሌለው፣ በዚያ ላይ የተሳሳተ ቻርጀር ከተሰካበት፣ ጥርጣሬው ወደ ቦርዷ ያዘነብላል። ባለሙያው ብሎኖቹን ይፈታል፣ ቦርዷን ይገለብጣል፣ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በዳዮዱ ሁለት እግሮች ላይ ያሳርፋል። ቴስተሩ «ጢጥ» ካለ ዳዮዱ ሾርት ነው። በጋለ መበየጃ ያነሣዋል። ከዚያም በትክክለኛው 12 ቮልት ይሞክረዋል። ከኋላው ሌላ የተቃጠለ ነገር ከሌለ ሃርድ ዲስኩ ይዞራል። ወዲያው ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ ነው፤ ዘበኛ የሌለው ቤት ውስጥ አይታደርምና። ግልበጣው ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ጥገናው ራሱ ግን አሥር ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ቴስተሩ «ጢጥ» ባለባት ቅጽበት እንቁም። በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ እውነቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተማሪዋ ድምፁን ሰምታለች፤ ትርጉሙን ግን አታውቅም። ባለሙያው አሁን ከሦስት አንዱን ሊናገር ይችላል። «አንዲት ትንሽ ዕቃ ናት የተቃጠለችው፣ አሁኑኑ እሞክረዋለሁ» ሊል ይችላል። «ከባድ ነው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ነይ፤ ሃያ ሺህ ብር አዘጋጂ» ሊልም ይችላል። ወይም ደግሞ «ሞቷል፣ ከፈለግሽ ለመለዋወጫ ልግዛሽ» ሊል ይችላል። ሦስቱንም ታምነዋለች። ሦስቱም ጊዜ ታመሰግነዋለች። ሞራል የሚባለው ነገር የሚፈተነው እንዲህ ባለው ቦታ ነው። ፖሊስ በቆመበት መንገድ ላይ አለመስረቅ ጥንቃቄ ነው። ተሰራቂው አመስግኖ በሚሄድበት ቦታ አለመስረቅ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ዋጋው እንምጣ። የዚህን ሥራ ዋጋ በአራት ሚዛን መመዘን ይቻላል። አንደኛው በዕቃው ነው። ባለሙያው ምን ጨመረ? ምንም። እንዲያውም ቀነሰ! በዚህ ሚዛን ምንም አይከፈለውም። ሁለተኛው በሰዓቱ ነው፤ የአሥር ደቂቃ የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ቢሰላ ለአንድ ማኪያቶ ላይበቃ ይችላል። ሦስተኛው በዕውቀቱ ነው። የትኛዋን ዳዮድ እንደሚያነሣ ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀበት? ሲማር ስንት ቦርድ አቃጠለ? የሱቁ ኪራይ፣ ለመለዋወጫ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ያከማቻቸው አሮጌ ሃርድ ዲስኮች፣ ሞክሮ አልሳካለት ብሎ ሳይከፈለው የመለሳቸው ሥራዎች፣ እነዚህ ሁሉ ወጪ ናቸው። አራተኛው ሚዛን በጭንቀቷ ነው። የሁለት ዓመት ልፋት ስንት ያወጣል? ምን ያህል ብትጠየቅ ትከፍላለች?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሚዛኖች ባለሙያውን ይበድላሉ። አራተኛው ተማሪዋን ይበድላል። ትክክለኛው ሦስተኛው ነው ባይ ነኝ። ለምን? በአንዲት ቀላል ፈተና እንየው። በዚያው ቀን ሌላ ሰው፣ ያንኑ ዓይነት ሃርድ ዲስክ፣ ያችኑ የተቃጠለች ዳዮድ ይዞ መጣ እንበል። የእሱ ሃርድ ዲስክ የያዘው ፊልምና ጌም ነው፤ ቢጠፋም እንቅልፍ አይነሣውም። ባለሙያው እሱን ሁለት ሺህ፣ እሷን ሃያ ሺህ ብር ቢያስከፍል፣ የአሥራ ስምንት ሺህ ብሩ ልዩነት የምን ዋጋ ነው? የዕውቀቱ አይደለም፤ ዕውቀቱ አንድ ነው። የድካሙም አይደለም። ያ ገንዘብ የእንባዋ ዋጋ ነው። ጽሑፏን እሷ ደከመችበት እንጂ ባለሙያው አንድ መስመር አልጻፈላትም። ባልዘራው እርሻ ላይ አጫጅ ሆኖ መጣ ማለት ነው።

«ወዳ ተስማምታ ከከፈለችስ?» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ገበያ በስምምነት ነው። ነገር ግን ስምምነት ስምምነት የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች ስለምን እንደተስማሙ ሲያውቁ ነው። እሷ የተስማማችው ለ«ከባድ ሥራ» ነው፤ ከባድ ሥራ ግን አልነበረም። «የእሷ ዳታ ውድ ስለሆነ የበለጠ ኃላፊነት አለብኝ» የሚልም ይኖራል። ይህኛው እውነት አለበት። ጥንቃቄው ከጨመረ ዋጋው ይጨምር። ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ግልበጣውን ከጠበቀ፣ የተገለበጠውን ፋይል እየከፈተች እንድታረጋግጥ ካደረገ፣ ሁለት ቅጂ ከሠራላት ያስከፍላት። ጥንቃቄው ሳይጨምር ዋጋው ብቻ ሲጨምር ነው ጉዱ። ደግሞ ለደኻ መቀነስና ለተጨነቀ መጨመር አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ምሕረት ነው፤ ሁለተኛው በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ነው።

እስካሁን ዱላው ሁሉ በባለሙያው ላይ አረፈ። እኛ ደንበኞችስ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ብዙውን ጊዜ ውሸቱን ያስተማርነው እኛው ነን። ባለሙያው ሐቀኛ ሆኖ ተማሪዋ ፊት ዳዮዷን አንሥቶ፣ አስነሥቶ፣ «ሁለት ሺህ ብር» ቢላት ምን ትላለች? «ምን? አሥር ደቂቃ ለሠራህባት? ምን ጨመርክበት?» አትልም? እንላለን እንጂ! ከሦስት ቀን በኋላ፣ ዓይኑን እያሻሸ፣ «አላስተኛኝም» ብሎ ቢሰጠን ግን ሦስት እጥፉን ከፍለን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ» ብለን እንወጣለን። ላብ ካላየን አንከፍልም። ዕውቀትን ሳይሆን ድካምን ነው የምንገዛው። ስለዚህ ባለሙያው ምን ተማረ? ሥራውን በአሥር ደቂቃ ጨርሶ ሃርድ ዲስኩን ለሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ ማሳደር። የሚያላብ መስሎ መታየት። ፈጣኑን እየቀጣን ቀርፋፋውን ስንሸልም ኖረን፣ ሐቀኛ ጠፋ ብለን ስናማርር ትንሽ ያሳፍራል።

እርግጥ ሁሉም ብልሽት የአሥር ደቂቃ አይደለም። አንዳንዱ ቦርድ ከዳዮዱ ኋላ ያሉት ቺፖቹም ተቃጥለዋል። ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ተመሳሳይ ቦርድ ፈልጎ መቀየር ነዋ!» ይላል። አነጋገሩ ቀላል ነው። ነገር ግን በዘመናችን ሃርድ ዲስኮች እያንዳንዱ ሳጥን ፋብሪካ ውስጥ ለብቻው የተለካ ልክ አለው፤ የአንባቢዎቹና የሳህኖቹ የግል ጠባይ ተጽፎ የሚቀመጠው በቦርዷ ላይ ባለች፣ ብዙውን ጊዜ ስምንት እግር ባላት ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ሞዴሉ አንድ የሆነ ቦርድ ከሌላ ሃርድ ዲስክ ቢመጣም የዚህኛውን ጠባይ አያውቅም። የእንጀራ እናት ቢሏት ይቀላል። ያችን ቺፕ ከአሮጌው ቦርድ ነቅሎ በአዲሱ ላይ መበየድ ያስፈልጋል። በአንዳንዶቹ ደግሞ ያ ጽሑፍ በዋናው ቺፕ ሆድ ውስጥ ስላለ ሥራው ሌላ መሣሪያና ሌላ እጅ ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የባለሙያው ሁለተኛ ፈተና ይመጣል፤ «ይሄ ከእኔ በላይ ነው» ማለት። ይህች ዓረፍተ ነገር ከአፍ የምትወጣው በስንት ምጥ ነው! ደንበኛ ታስቀራለች፣ ስም ታሳንሳለች። ግን «ሞቷል» ከማለት ትሻላለች። «ሞቷል» እና «እኔ አልችለውም» የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። በ1995 ዓ.ም. ጥር ወር ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ ሰማይ ላይ ተበታትና ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። ከፍርስራሹ መካከል አንድ ሃርድ ዲስክ ተገኘ። ፕላስቲኩ ሁሉ ቀልጧል፤ የቦርዱ ቺፖች ተቃጥለው ተነቃቅለዋል። ያየው ሁሉ «ሞቷል» ሊል ይችል ነበር። ኦንትራክ የተባለው የዳታ ማዳን ኩባንያ ባለሙያዎች ግን ሳህኖቹን አጽድተው ሌላ ሳጥን ውስጥ አስገቧቸውና 99 በመቶ የሚሆነውን አወጡት። ተጓዦቹ ስለ ዜነን ጋዝ ያደረጉት ምርምር ውጤት በ2000 ዓ.ም. ለኅትመት በቃ። ሰዎቹ አልተመለሱም፤ የመጨረሻ ሥራቸው ግን ተመለሰ። ያን ፍርስራሽ መጀመሪያ ያገኘ ሰው እንደ ቆሻሻ ቢጥለው ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። የማይችለውን ዕቃ እየጎረጎረ ለሚቀጥለው ባለሙያ እንዳይሆን አድርጎ የሚያበላሽ ሰው፣ ገንዘብ ባይቀበል እንኳ ሰርቋል። የሰረቀው ተስፋ ነው።

ሦስተኛው ፈተና ሃርድ ዲስኩ ከተነሣ በኋላ ነው። ሳህኖቹ ዞሩ፤ ፎልደሮቹ ተዘረዘሩ። የማያውቃት ሴት ፎቶ፣ ደብዳቤ፣ የባንክ ወረቀት፣ የቤተሰብ ምስጢር ሁሉ ፊቱ ላይ ተዘረገፈ። ይህ ሰው አሁን እንደ ነፍስ አባት ሆኗል፤ ልዩነቱ እሷ ልትናዘዝ አለመምጣቷ ነው። ሥራው ቅጂው ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነው፤ ለዚያም አንድ ሁለት ፋይል እሷው ራሷ ብትከፍት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሆንግ ኮንግ የአንድ ዝነኛ ተዋናይ ኮምፒውተር ለጥገና ሄዶ፣ የግል ፎቶዎቹ ተገልብጠው በዓለም ላይ ተበተኑ። የእሱ ብቻ ሳይሆን አብረውት በፎቶዎቹ ላይ የነበሩ የብዙ ሴቶች ሕይወት ተናጋ። የገለበጠው የጥገና ሠራተኛ በቀጣዩ ዓመት ለእስር ተዳረገ። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ያለ ፈቃድ የሰው ዳታ ውስጥ መግባትን ያስቀጣል። ግን ሕጉ የሚደርሰው ወሬው ከወጣ በኋላ ነው። ማንም ሳያውቅ ገልጦ ያየውን፣ አይቶም ዝም ያለውን የሚዳኘው ኅሊናው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ስለ ሃርድ ዲስክ ስናገር አንባቢ መኪናውን፣ ጥርሱን፣ የፍርድ ቤት ጉዳዩን እያሰበ እንደሆነ እገምታለሁ። መካኒኩ «ሞተሩ ይውረድ» ሲል፣ ሐኪሙ «ይህም ምርመራ ያስፈልግሃል» ሲል፣ ጠበቃው «ነገሩ ውስብስብ ነው» ሲል፣ እኛ የምንሰማው ያችኑ የቴስተር «ጢጥ» ነው። ድምፁን እንሰማለን፣ ትርጉሙን አናውቅም። ሁላችንም ደግሞ በተራችን በአንድ ነገር አዋቂ ሆነን ማዶ እንቆማለን። መምህሩ ለወላጅ፣ ነጋዴው ለገዢ፣ ጸሐፊው ለአንባቢ።

መፍትሔው ስብከት ብቻ አይመስለኝም። ባለሙያው ምርመራውንና ጥገናውን ይለያቸው። «ለማየት ይህን ያህል፣ ለመጠገን ይህን ያህል፤ ካልተሳካ ይህን ያህል» ብሎ አስቀድሞ ይናገር። ምርመራ በራሱ ከተከፈለበት እውነት መናገር አያከስርም፤ «አይሆንም» ለማለትም ድፍረት ይሰጣል። ዋጋውን ሳይጠይቅ ደግሞ «ውስጡ ምንድነው ያለው?» ብሎ ለተመን አይጠይቅ፤ ለጥንቃቄ ከሆነ ዋጋውን ከተናገረ በኋላ ይጠይቅ። የነቀላትን ዳዮድ በወረቀት ጠቅልሎ ለባለቤቷ ይስጣት። ምንም አትጠቅማትም፤ ግን ምን እንደተደረገላት በእጇ ይዛ ትሄዳለች።

እኛም አሥር ደቂቃ ለፈጀ ሥራ ሁለት ሺህ ብር ስንጠየቅ አንጩህ። የተረፈልን ሦስት ቀን የዋጋው አካል ነው። ለአፍታ ደግሞ እናስብ፤ ይህ ሰው መሳቢያውን ከፍቶ «ከሦስት ቀን በኋላ ነይ» ማለት ይችል ነበር፣ አላለም። ከዚያ ወደ ቤታችን ስንገባ የዳነውን ነገር ሁለት ቦታ ገልብጠን እናስቀምጥ፤ አንዱንም ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ጋ። ሌላ ቅጂ ያለው ሰው ጥገና ቤት በር ላይ ሲቆም ጉልበቱ አይንቀጠቀጥም፤ ዋጋ ሲጠራበትም «ተወው» ማለት ይችላል።